ያለ እምነት ሥነ ምግባር ይቆማል ወይ? ስድብ የሌለበት ክርክር

ጥያቄ_አለኝ (ክሩን የከፈተ)

ኢአማኒ መሆኔን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ «ታዲያ ከመግደልና ከመስረቅ ምን ከለከለህ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጠያቂዎቹ ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው ነው። ከእኔ ወገን ያሉት የለመዱት መልስ ደግሞ «አንተን የያዘህ የሲኦል ፍርሃት ብቻ ነው ማለት ነው?» የሚለው ነው። አፍ ያስይዛል፤ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል። ማንም ምንም ሳይማር ይለያያል።

በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተጣብቀው ይኖራሉ። አንደኛው በፈጣሪ የማያምን ሰው ደግ፣ ሐቀኛና ቃሉን ጠባቂ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ነው። ይህ ስለ ሰዎች ጠባይ ስለሆነ አይቶ መመለስ ይቻላል። ሁለተኛው ፈጣሪ ከሌለ ደግነት ራሱ በምን ላይ ይቆማል የሚለው ነው። ለአንዱ የተሰጠ መልስ ለሌላው አይሆንም፤ ጭቅጭቁም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው አንዱ ሰው ስለ መጀመሪያው ሲያወራ ሌላው ስለ ሁለተኛው ስለሚመልስለት ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ፒየር ቤይል በ1682 የኢአማንያን ኅብረተሰብ እንደ ሌላው ሁሉ በሥርዓት ሊኖር ይችላል ብሎ ጽፎ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ደግሞ ስለ ሃይማኖት መቻቻል በ1689 ባሳተመው ደብዳቤ ኢአማንያንን ከመቻቻሉ አስወጥቷቸዋል። ምክንያቱ፣ ሰው አብሮ የሚኖርባቸው ማሰሪያዎች ማለትም ቃል ኪዳንና መሐላ ኢአማኒን ሊይዙት አይችሉም የሚል ነው። ስለ መቻቻል ሲነሣ ስሙ የሚጠራው ሰው ነው እንግዲህ ይህን ያለው። እኔ ሎክ ተሳስቷል ባይ ነኝ። አልተሳሳተም የሚል ሰው ካለ መስማት እፈልጋለሁ።

ደንቡ አንድ ነው፤ የሌላውን ሐሳብ ከመንቀፋችሁ በፊት፣ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» በሚልበት መልክ መልሳችሁ ተናገሩ። «ከሃዲ» እና «ደንቆሮ» የሚሉ ቃላት እዚህ ቦታ የላቸውም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ወልደ_ጉባኤ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደንብህ መሠረት ልጀምር። «የማያምን ሰው መልካም መሆን ይችላል፤ መልካምነቱ በምን እንደሚጸና ግን ለብቻው የሚጠየቅ ነው» ነው ያልከው። ካልተሳሳትኩ፣ በመጀመሪያው ላይ ከእኛ ዘንድ ተከራካሪ ሊኖር አይገባም። ቃየን አቤልን ሲገድል «አትግደል» የሚል ጽላት ገና አልተሰጠም ነበር፤ ከተጠያቂነት ግን አላመለጠም። ዮሴፍ የጌታውን ሚስት እምቢ ያለው ሙሴ ከመወለዱ በፊት ነው። አባቶች ያንን ዘመን ዘመነ ሕገ ልቡና ብለው ይጠሩታል። ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ፣ ሕግ ያልተሰጣቸው አሕዛብ የሕግን ሥራ ከባሕርያቸው እንደሚያደርጉና ሕጉ በልባቸው እንደ ተጻፈ ይናገራል። ስለዚህ «የማያምን ሁሉ ወንበዴ ነው» የሚል አማኝ ካጋጠመህ፣ የገዛ መጽሐፉን ደግሞ እንዲያነብ ንገረው።

በሁለተኛው ግን አልለቅህም። በልብህ ላይ ተጽፎ ያገኘኸውን ታነባለህ፤ ጽሕፈቱ ግልጽ ነው ትላለህ፤ ይገዛኛልም ትላለህ፤ ጸሐፊ ግን የለውም ትላለህ። ሎክ ስላነሣው ቃል ኪዳንም አንድ ጥያቄ አለኝ። ሌሎቹ ከተናገሩ በኋላ አመጣዋለሁ።

ጥያቄ_አለኝ

አልተሳሳቱም መምህር፤ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ቀጥተኛው

በጣም ተከባበራችሁ። እኔ አጭር ሰው ነኝ። ሃይማኖት ሥነ ምግባርን የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ የመስቀል ጦርነት፣ በመናፍቅነት የሚከስሱ የምርመራ ፍርድ ቤቶች፣ «ጠንቋይ ናችሁ» ተብለው በእሳት የተቃጠሉ ሴቶች ባልኖሩ ነበር። ከ1618 እስከ 1648 መካከለኛውን አውሮፓ ያወደመው ጦርነት የተቀጣጠለው በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች ጠብ ነው። ባሪያ ፈንጋዮቹም ጥቅስ አላጡም። ደግሞ የራሳችን ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብ እምነት ተረት መሆኑን በ17ኛው መቶ ዘመን ጽፎ ጨርሶታል።

ጽኑ_እምነት

አጭር ነኝ ላለው አጭር መልስ። አልባኒያ በ1967 ራሷን ኢአማኒ አገር ብላ ስታውጅ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ተዘጋ፤ ካህናትና ሼኾች ታሰሩ። በሶቪየት ኅብረት በ1925 የተቋቋመ፣ ሥራው ሃይማኖትን መዋጋት ብቻ የሆነ ትልቅ ማኅበር ነበር። በ1931 በሞስኮ የመድኃኔ ዓለምን ካቴድራል በፈንጂ አፈረሱት። ሃይማኖት የጠፋበት ሥነ ምግባር ይህ ነው።

ወልደ_ጉባኤ

ቀጥተኛው፣ ዘርዓ ያዕቆብን አንብበኸው ነው ወይስ ስሙን ሰምተህ? ሐተታው ጸሎት የበዛበት መጽሐፍ ነው። የሚነቅፈው ሰዎች በፈጣሪ ስም የጨመሩትን ሥርዓት ነው እንጂ ፈጣሪን አይክድም። ልቡናም ፈጣሪ የሰጠው ብርሃን ነው ይላል። ከዚህም በላይ ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 «ይህን የጻፈው የ19ኛው መቶ ዘመን ሚሲዮናዊ ነው» ካለ ወዲህ የደራሲው ማንነት ራሱ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። ለኢአማኒነት ምስክር ከፈለግህ ሌላ ጥራ።

አወያይ

አንድ መልእክት አንሥቻለሁ፤ ጸሐፊው ያውቃል። የሙታን ቆጠራም እዚህ ላይ ይብቃ። የሕንዱ ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን በድንጋይ ካስቀረጻቸው አዋጆች አንዱ፣ ለራሱ እምነት ካለው ፍቅር የተነሣ የሌላውን የሚያንቋሽሽ ሰው ይበልጥ የሚጎዳው የራሱን እምነት ነው ይላል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አልፎታል፤ እኔ ግን አሁንም መልእክት እሰርዛለሁ።

ሚዛን

ቆጠራው ቢቆምም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሁለቱም ዝርዝሮች እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ግን የተነሣውን ጥያቄ አይመልሱም። በሁለቱም ዘንድ ያለው የጋራ ነገር ሥልጣን የያዘ ሰው የሌላውን ኅሊና በጉልበት ለመግዛት መሞከሩ ነው። ለዚህ እምነት መኖሩም አለመኖሩም እኩል አገልግሏል።

ስለ ሎክ ላንሣ። ኢአማኒ ቃሉ አይታመንም የሚለው ሐሳብ በወረቀት አልቀረም፤ ሕግ ሆኖ ሰው አሥሯል። ቻርልስ ብራድሎው በ1880 የኖርዝሃምፕተን ሕዝብ ወደ እንግሊዝ ፓርላማ ሲመርጠው በይፋ የታወቀ ኢአማኒ ነበር። በመሐላ ፋንታ ፈጣሪን በማይጠራ የማረጋገጫ ቃል ልግባ ቢል ተከለከለ። እሺ መሐላውን ልፈጽም ቢል «አንተን መሐላ አይይዝህም» ተብሎ ያም ተከለከለ። አልወጣም በማለቱ በፓርላማው የሰዓት ግንብ ውስጥ ታሰረ። መቀመጫው ባዶ በተባለ ቁጥር መራጮቹ መልሰው መረጡት። በመጨረሻ በ1886 ቃለ መሐላ ፈጽሞ ገባ፤ በ1888 ደግሞ የማይምሉ ሰዎች በማረጋገጫ ቃል እንዲገቡ የሚፈቅድ ሕግ በእርሱ ግፊት ወጣ።

እስቲ አስቡት። ሐቀኛ ባይሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን አፉን ሞልቶ ምሎ ይቀመጥ ነበር። ዋሾ ኢአማኒን መሐላ አያስቀረውም፤ ሲያስቀር የኖረው እውነተኛውን ብቻ ነው። ደግሞ ቀጥተኛውም ጽኑ እምነትም ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው አለ። በእንግሊዝ ሕግ ያለ መሐላ ቃል የመስጠትን መብት መጀመሪያ ያስገኙት ኢአማንያን ሳይሆኑ ኩዌከሮች የተባሉ ክርስቲያኖች ናቸው። «ከቶ አትማሉ» የሚለውን የወንጌል ቃል እንደ ወረደ ስለሚጠብቁ መከራ ተቀብለውበታል። ብራድሎው ያንኳኳው እጅግ አጥባቂ አማኞች የከፈቱትን በር ነው።

ኢብን_ሰቢል

አሰላሙ ዐለይኩም። የገባሁት ሁላችሁም አማኞች በዚህ ጉዳይ አንድ ድምፅ ያላቸው አድርጋችሁ ስለምታወሩ ነው።

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አፍላጦን በጻፈው ውይይት ሶቅራጥስ ኤውቲፍሮን የተባለውን ሰው «ቅዱስ ነገር ቅዱስ የሆነው አማልክት ስለሚወዱት ነው ወይስ ቅዱስ ስለሆነ ነው የሚወዱት?» ብሎ ያፋጥጠዋል። ኢአማንያን ይህን ጥያቄ እንደ አዲስ መሣሪያ ሲያነሡት አያለሁ። እኛ ግን ከሺህ ዓመት በፊት እርስ በርስ ተከራክረንበታል። ሙዕተዚላ የተባሉት የእስልምና ሊቃውንት መልካምና ክፉን አእምሮ ራሱ ይለያል፤ አላህ ፍትሕን ያዘዘው ፍትሕ መልካም ስለሆነ ነው አሉ። በ10ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከእነርሱ የተለየው አቡል ሐሰን አል አሽዐሪ ደግሞ መልካም ማለት አላህ ያዘዘው ነው፤ ከእርሱ ትእዛዝ ውጭ አላህን የሚዳኝ መለኪያ የለም አለ። በክርስትና በኩል 13ኛው መቶ ዘመን ላይ ቶማስ አኩዊናስ ሦስተኛ መንገድ ሞከረ። መልካምነት ከፈጣሪ ውጭ የቆመ ሕግ አይደለም፤ የትእዛዝ ፈቃድ ብቻም አይደለም፤ ከፈጣሪ ባሕርይ የሚፈልቅ ነው አለ። እኔ በግሌ ፊጥራችን፣ ማለትም የተፈጠርንበት ጠባይ፣ መልካሙን ያውቀዋል፤ ወሕዩ፣ ማለትም ከአላህ የወረደው ቃል፣ ደግሞ ያጸናዋል፣ ዝርዝሩንም ያስተምራል ባይ ነኝ። ስለዚህ «አማኝ ሥነ ምግባርን ከትእዛዝ ብቻ ይቀዳል» የሚለው ሁላችንንም አይገልጽም።

አሁን ወደ ጥያቄ አለኝ። በጥር 1948 የማያምነው ፈላስፋ በርትራንድ ረስልና ኢየሱሳዊው ካህን ፍሬድሪክ ኮፕልስተን በቢቢሲ ሬዲዮ ተከራክረው ነበር። ጽሑፉን ያላነበባችሁ አንብቡት፤ አንድም ስድብ የለበትም። ኮፕልስተን መልካምና ክፉን በምን ትለያለህ ብሎ ጠየቀው። ረስል ሰማያዊና ቢጫን እንደምለየው ነው አለ። ቀለምን በዓይንህ ትለያለህ፤ መልካምና ክፉንስ በምን? ቢለው «በስሜቴ» ብሎ መለሰ። ኮፕልስተን ወዲያው ያመጣበት የናዚዎቹን የቤልሰን ማጎሪያ ካምፕ አዛዥ ነው፤ ለእርሱ ሥራው ትክክል መስሎ ይታየው የለም ወይ? ጦርነቱ ካበቃ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። ረስል የአዛዡ እይታ የታመመ ዓይን እንደሚያየው ቀለም ነው ወደሚል መልስ ሄደ። ታዲያ ስሜት ብቻ ከሆነ መለኪያው፣ የትኛው ዓይን እንደ ታመመ ማን ይወስናል? አንተም በዚሁ ላይ ነው የቆምከው ወይስ የተሻለ አለህ?

ጥያቄ_አለኝ

ኢብን፣ ያልከው እንዲህ ነው፤ «ስሜት ስለ ራሱ ሊመሰክር አይችልም፤ ሁለት ሰዎች የተለያየ ስሜት ቢኖራቸው ከሁለቱም በላይ የሆነ ዳኛ ያስፈልጋል፤ አንተ ደግሞ ዳኛውን አስወጥተኸዋል።» በዚህ ከተስማማህ ልቀጥል።

የረስል መልስ ለእኔም ደካማ ነው። ስሜቱ ከየት እንደ መጣ መናገር ብዙም አያስቸግረኝም። ሳራ ብሮስናንና ፍራንስ ደ ዋል በ2003 ባወጡት ሙከራ፣ ካፑቺን የተባሉ ጦጣዎች ለአንድ ዓይነት ሥራ ጓደኛቸው የወይን ፍሬ ሲቀበል ለእነርሱ ዱባ መሰል ኪያር ሲሰጣቸው አንወስድም ይሉ ነበር። አብሮ የሚኖር እንስሳ የአድልዎ ስሜት ቢያዳብር አይደንቅም። ነገር ግን ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም በ18ኛው መቶ ዘመን እንዳሳየው «እንዲህ ነው» ከሚል ነገር ብቻ «እንዲህ መሆን አለበት» አይወጣም። የኪያሩ ታሪክ ስሜቱን ያስረዳል፤ ግዴታውን አያቆምም። ከእኔ ወገን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሳይታወቀው ይዘላል።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ሕመም ለሚታመመው ክፉ ነው፤ ይህን ለማወቅ ከራሱ ሌላ ዳኛ አያስፈልገውም። የእኔን ሕመም ከሌላው ሕመም የሚያስበልጥ ምክንያት ደግሞ «የእኔ ነው» ከማለት ውጭ ማቅረብ አልችልም፤ እርሱም ምክንያት አይደለም። የቤልሰኑ አዛዥ የተሳሳተው ስሜቱ ከእኔ ስሜት ስለተለየ አይደለም። እነዚያ እስረኞች የማይታመሙ ያህል ቆጥሮ ስለኖረ ነው፤ ያ ደግሞ ሐሰት ነው። ይህ ሁሉን ነገር ይሸፍናል አልልም።

ቁጥር_ወዳዱ

ሁለተኛውን ጥያቄ ለባለቤቶቹ ትቼ ስለ መጀመሪያው የተጠናውን ልንገራችሁ፤ በዚህ ዙሪያ ብዙ የተጣመመ ነገር ስለሚዞር።

ፒው የተባለው የምርምር ማእከል በ2019 በ34 አገሮች ጠይቆ በ2020 ባወጣው ውጤት፣ ጥሩ ሰው ለመሆን በፈጣሪ ማመን ያስፈልጋል የሚሉት መካከለኛ ድርሻ 45 ከመቶ ነበር። በኢንዶኔዥያና በፊሊፒንስ 96 ከመቶ፣ በስዊድን 9 ከመቶ። በ2017 ደግሞ በ13 አገሮች ከ3,000 በላይ ሰዎች ስለ አንድ ጨካኝ ነፍሰ ገዳይ ታሪክ ተነግሯቸው ማን ሊሆን እንደሚችል ተጠየቁ። ገዳዩ ኢአማኒ ሳይሆን አይቀርም ብለው የጠረጠሩት አማኝ ነው ብለው ከጠረጠሩት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነበር። ጉዱ ኢአማንያኑ ራሳቸውም ኢአማኒውን መጠርጠራቸው ነው።

ይህ ግን ስለ ግምት ነው። ስለ ድርጊትስ? በ2014 በአሜሪካና በካናዳ 1,252 ሰዎች በስልካቸው በቀን ደጋግመው እየተጠየቁ ያደረጉትንና የደረሰባቸውን መልካምና ክፉ ነገር መዘገቡ። በአማኞችና በማያምኑት መካከል በሠሩት መልካምና ክፉ ሥራ ብዛት ልዩነት አልታየም።

ለኢአማንያን ወዳጆቼ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «የሃይማኖተኛ ቤተሰብ ልጆች ለማካፈል ስስታሞች ናቸው» የሚለውን የ2015 ጥናት እባካችሁ ማጋራት አቁሙ። በስድስት አገሮች የተሠራ ነበር። አጥኚዎቹ አገሮቹን ለመለየት የሰጧቸውን መለያ ቁጥሮች ስሌቱ እንደ መጠን ቆጥሯቸው ተገኘ፤ አገር ቁጥር 2 ከአገር ቁጥር 1 እጥፍ «አገርነት» ያለው ይመስል። ስሌቱ ሲታረም ዋናው ውጤት ጠፋ፤ ጽሑፉም በ2019 ተሰርዟል። በየገጹ ግን እስከ ዛሬ ይዞራል።

ለአማኞችም አለኝ። ዳርሊና ባትሰን በ1973 ባሳተሙት ሙከራ የፕሪንስተን ነገረ መለኮት ተማሪዎች ንግግር ለማድረግ ወደ ሌላ ሕንጻ ሲሄዱ በመንገዳቸው ላይ የታመመ የሚመስል ሰው ወድቆ ያገኛሉ። ከፊሎቹ ሊናገሩ የሚሄዱት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። ጊዜ ካላቸው መካከል 63 ከመቶ ረዱት። «ዘግይተሃል ፍጠን» ከተባሉት የረዱት 10 ከመቶ ብቻ ናቸው። የንግግሩ ርእስ ያመጣው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በእኔ አስተያየት ከእምነትም ከክህደትም በላይ የሰውን ደግነት የሚበላው ጥድፊያ ነው፤ ይህን ግን ማንም ሊከራከርበት አይፈልግም።

የሌሊት_ተረኛ

ነርስ ነኝ፤ አላምንም። አንድ ነገር ልንገራችሁና ፍረዱ።

ሊነጋ ሲል አንድ በጠና የታመሙ ሽማግሌ ጠሩኝና ከትራሳቸው ሥር መጽሐፍ ቅዱስ አውጥተው «ዓይኔ እምቢ አለኝ፤ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚለውን አንብቢልኝ ልጄ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። መካከል ላይ አንድ መስመር ዘልዬ ኖሮ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ የጎደለውን በቃላቸው አስገቡልኝና እንድቀጥል በጣታቸው አመለከቱኝ። ሲያልቅ «አንቺንም ይጠብቅሽ» አሉኝ። እኔም «አሜን» አልኩ።

ማንበቡ አላስጨነቀኝም። «አሜን» ማለቴ ግን ውሸት ነው?

ቀጥተኛው

ማስመሰል ነው። የማታምኚበትን ቃል በአፍሽ ማጽደቅ የለብሽም ነበር። አንብበሽ ዝም ማለት ትችዪ ነበር።

ጽኑ_እምነት

እኔም አልደግፈውም እህቴ። አሜን ተራ የጨዋነት ቃል አይደለም። የሚያምን ሰው መጥራት ነበረብሽ።

የሌሊት_ተረኛ

በዚያ ሰዓት ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረም።

ሚዛን

ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ እርሱም በነርሷ ላይ!

ወልደ_ጉባኤ

ልጄ፣ እኒያ ሰው «ታምኛለሽ ወይ?» ብለው ቢጠይቁሽና አዎ ብትዪ ኖሮ ውሸት በሆነ። የጠየቁሽ ዓይን እንድትሆኛቸው ነው፤ ሆንሽላቸው። መረቁሽ፤ ተቀበልሽ። ምርቃትን የማይቀበል ሰው መራቂውን ያሳዝናል። በአንቺ በኩል ያልታመነበት በእርሳቸው በኩል ታምኖበታል፤ ይህ ይበቃል።

ኢብን_ሰቢል

እኔ ከመምህር በጥቂቱ እለያለሁ። ቃሉ ክብደት አለው፤ ጽኑ እምነት ያለው ከንቱ አይደለም። ግን የእርሷ አሜን ዋሽቶ ጥቅም ለማግኘት አይደለም። ሥራ በኒያ፣ ማለትም በልብ አሳብ፣ ይመዘናል ብለን ከምንጀምር ሰዎች ይህ ሊሰወርብን አይገባም።

ሚዛን

የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶችን መግለጫ በታኅሣሥ 1948 ሲያጸድቅ 48 አገሮች ደገፉ፣ 8 ድምፅ አቀቡ፣ የተቃወመ አልነበረም። አንቀጽ 18 ሃይማኖትን ወይም እምነትን የመለወጥ ነፃነትንም ያካትታል። ለመግለጫው የሐሳብ ዝግጅት ከተሳተፉት አንዱ ካቶሊካዊው ፈላስፋ ዣክ ማሪታን ነው። እርስ በርሳቸው የሚጣሉ አስተሳሰቦች ያሏቸው ሰዎች በመብቶቹ ዝርዝር እንዴት ሊስማሙ እንደቻሉ ሲናገር፣ ለምን ተብለን ካልተጠየቅን እንስማማለን የሚል ሐሳብ አስፍሯል። እዚህም ያለው ያው ነው። ሽማግሌው ሊነበብላቸው ይገባል በሚለው የሚከራከር የለም። የምንከራከረው በ«ለምን» ላይ ነው።

ወልደ_ጉባኤ

እንግዲያስ የቀጠርኩትን «ለምን» ላምጣ። አንድ ሰው ሊሞት ሲል ከአንተ ጋር ብቻውን ነው። «በሣጥኔ ውስጥ ያሉትን ደብተሮች ሳታነብ አቃጥልልኝ፤ አደራ» ይልሃል። እሺ ትለዋለህ፤ ይሞታል። ዘመድ የለውም፤ ቃል መግባትህን የሚያውቅ ሰው የለም። ብታነባቸው ማንም አይጎዳም፤ ደስም ይልሃል። አደራው ይይዝሃል ወይ? ሕመምን ነው የምቆጥረው ብለሃል። እዚህ የሚታመም የለም። ሎክ የፈራው ይህችን ሰዓት ይመስለኛል።

ጥያቄ_አለኝ

መምህር፣ ያሉኝ እንዲህ ነው፤ «የአንተ ሥነ ምግባር በሚታመም ሰው ላይ ከቆመ፣ የሚታመም ሰው በሌለበት ይወድቃል፤ አደራ ግን እዚያም መቆም አለበት።»

በመጀመሪያ ይይዘኛል። አላነባቸውም። ቀላሉን መልስ አልሰጥዎትም፤ «አደራ ካልተጠበቀ ሰዎች እርስ በርስ መተማመን ያጣሉ» ብል ነገሩ ምስጢር ስለሆነ አይሠራም። የማምንበት ይህ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሚስቱ ያታለለችውና ሳያውቅ የሞተ ሰው አንዲት ቀን አልታመመም፤ ተበድሏል ወይ ቢሉኝ ግን ተበድሏል እላለሁ። ስለዚህ በደል ከሕመም ይሰፋል። ሰው ስለ ራሱ የወሰነው ነገር የመከበር መብት አለው፤ ያ መብት ቢታወቅም ባይታወቅም አለ። ይህን ከሕመም አውጥቼ ላሳይዎት አልችልም፤ ከሕመሙ ጎን ለጎን የማቆመው ሁለተኛ ምሰሶ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅ። አደራው የሚይዝዎት ከላይ የሚያይ ምስክር ስላለ ከሆነ፣ የሚጠብቁት ለሟቹ ብለው ነው ወይስ ለምስክሩ?

ወልደ_ጉባኤ

ጥሩ ጠየቅህ። ለምስክሩ ፈርቶ የሚጠብቅ አለ፤ እርሱ ገና ጀማሪ ነው። እኔ ግን የምጠብቀው ሟቹ ስላልጠፋ ነው። እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ ነው እንጂ የሙታን አይደለም ተብሏልና፣ አደራ የሰጠኝ ሰው አለ። ባነብበው የምበድለው አንድ ያለ ሰውን ነው። አንተ ዕዳውን ትከፍላለህ፤ ይህን አከብራለሁ፤ ባለ ገንዘቡ ግን በአንተ አሳብ የትም የለም።

ጥያቄ_አለኝ

አዎ፣ አቋሜ ይኸው ነው። ባለ ገንዘቡ የለም፤ ዕዳው ግን አለ። ለእርስዎ እንግዳ እንደሚሆንብዎት ይገባኛል። ለእኔ ደግሞ እንግዳ የሚሆንብኝ ዕዳው እንዲጸና ብዬ ባለ ገንዘቡን ከሞት ማስነሣት ነው።

የሌሊት_ተረኛ

ደብተር አይሁን እንጂ እንዲህ ያለ አደራ እኔ ዘንድ አለ፤ ሌሊት ሰው ብዙ ይናገራል። ለማንም አልነገርኩም። ምክንያቱን ስትጨርሱ ጻፉልኝ።

ቀጥተኛው

ደብተሩ ውስጥ ንጹሕ ሰው የታሰረበትን ወንጀል የሚፈታ ማስረጃ እንዳለ ብታውቁስ? ያኔም አደራ ትላላችሁ?

ወልደ_ጉባኤ

አልልም። ሄሮድስ በእንግዶቹ ፊት ስለማለ መሐላውን ጠብቆ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ አስቆርጧል። መሐላውን በመጠበቁ ያመሰገነው አንድም አባት አላውቅም። ክፉ ሥራ ላይ የሚያደርስ መሐላ አይጠበቅም።

ጥያቄ_አለኝ

ያዝኩዎት! መሐላው ክፉ መሆኑን በምን ለየነው?

ወልደ_ጉባኤ

በልቡና። ልቡናውን ማን ሰጠህ ብዬ እንዳልደግምህ ግን እራት ቀርቦ እየጠሩኝ ነው።